ስለማያገለግለው አህያ

ሰው ለሚያገለግለው እንስሳ መልካም ማድረግ እንደሚገባው የሚጠራጠር የለም። ለበሬው ድርቆሽ የሚያቀርብ፥ ለበቅሎው ገብስ የሚሰፍር፥ የአህያው ጀርባ ሲገጠብ ዳውላውን የሚያወርድ ሰው ርኅሩኅ ቢባል ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጥቅሙንም የሚያውቅ ነው። የከብቱ ደኅንነት የራሱ ደኅንነት ነውና። ጥያቄው የሚከብደው ከዚህ ወዲያ ነው። ጭነት የማይሸከም፥ ወተት የማይታለብ፥ ማሳ የማያርስ፥ ለማንም የማይገዛ እንስሳ ቢኖር ሰው ለእርሱ የሚከፍለው ዕዳ አለበትን? ይልቁንም ያ እንስሳ በጥማት ወራት ከሰው ጋር በአንድ ጉድጓድ ውሃ የሚሻማ ቢሆን ፍርዱ እንዴት ይሆናል?

ይህ ነገር በጉባኤ ቤት ለልምምድ የሚነሣ የቃል ክርክር ብቻ ሊመስል ይችላል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ግን የሕይወትና የሞት ነገር ነው። ስለዚህ ስፍራውንና እንስሳውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ሽንሌ ከድሬዳዋ በስተሰሜን፥ የሐረርጌ ደጋ ተዳፋት አልቆ ሜዳው ወደ ጅቡቲና ወደ አፋር በረሃ በሚዘረጋበት በር ላይ ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ቀድሞ የሽንሌ ዞን ይባል ነበር፤ ዛሬ በሶማሌ ክልል የሲቲ ዞን ይባላል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ይህንኑ ቆላ አቋርጦ ነው የመጣው። በአገሩ የሚበዙት የኢሳ ሶማሌዎች ግመል፥ ፍየልና በግ እያረቡ ዝናሙን ተከትለው ይዘዋወራሉ። ከመጋቢት ጀምሮ በበልግ ወራት የሚጠብቁትን ዝናም ዲራ፥ በክረምት የሚጠብቁትን ከረን ይሉታል። ሁለቱም የቀሩ እንደ ሆነ ሰው የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ቆፍሮ ውሃ ይፈልጋል፤ ያገኘውንም በአህያና በግመል ጭኖ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። በ2008 ዓ.ም. የከፋው ድርቅ በዚህ አገር እጅግ ብዙ ከብት ጨርሶ፥ ባለጸጋ የነበረውን ሰው ስንዴ ከሚያድሉ ሰዎች ደጅ አቁሞታል።

ውሃውን የሚሸከመው አህያ ባለቤትና ምልክት አለው። ዳሩ ግን ባለቤትም ምልክትም የሌለው ዘመድ አለው፤ እርሱም የዱር አህያ ነው። ሶማሌዎች ጉምቡሪ ይሉታል። በከተማ ሰው አፍ የሜዳ አህያ የሚባለው ገላው ሁሉ ጥቁርና ነጭ የተሸነተረው እንስሳ ከዚህ የተለየ ነው። የዱር አህያ ገላው አመድማ፥ ሆዱ ነጭ፥ ጋማው እንደ ብሩሽ የቆመና ጫፉ የጠቆረ ሲሆን፥ በአራቱ እግሮቹ ላይ ብቻ ጥቁር ሽንትር እንደ ቀለበት ይዞርበታል። ቁመቱ እስከ ትከሻው ድረስ 1 ሜትር ከ25 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጭነት አጎንብሶት ከሚሄደው ወንድሙ አጠገብ ቢቆም አንዱ ጌታ ሌላው አገልጋይ ይመስላል።

ኑሮውም እንደ በረሃው ሥርዓት ነው። መንጋ ሆኖ ዘወትር አብሮ አይሄድም፤ ሣሩ ለብዙ አፍ አይበቃምና። ጥቂቶቹ ለጊዜው ይገናኛሉ፥ ደግሞ ይለያያሉ፤ ጸንቶ የሚኖረው ማኅበር የእናትና የውርንጭላዋ ነው። ኃይለኛው ወንድ ሰፊ መሬት ይዞ ይጠብቃል። ቀን በድንጋይና በግራር ጥላ ይውላል፥ ሲነጋና ሲመሽ ወይም በሌሊት ይሰማራል። ውሃ ባያገኝ ሁለትና ሦስት ቀን ሊታገሥ ይችላል፤ የምታጠባ እናት ግን ከውሃ ርቃ መኖር አይቻላትም። እርስዋም አንድ ዓመት ያህል አርግዛ አንድ ብቻ ትወልዳለች። ስለዚህ አንዲት እናት በጥይት ብትወድቅ የሚጠፋው የአንድ እንስሳ ነፍስ ብቻ አይደለም፤ ዘግይቶ የሚተካ ትውልድ ነው።

በግእዝ የዱር አህያ አድገ ገዳም ይባላል። ገዳም የሚለው ቃል በአማርኛ የመነኮሳትን ማኅበር የሚያመለክት ሲሆን፥ በግእዝ አስቀድሞ ያልታረሰውን ዱርና ምድረ በዳ የሚያመለክት ነው። መነኮሳቱ ወደ በረሃው ስለ ሄዱ በረሃው ስሙን ለእነርሱ ሰጠ። ከእነርሱ በፊት ግን በዚያ ስፍራ በጥቂት ሣርና በጥቂት ውሃ የሚኖር ነዋሪ ነበረ። ሰው የራሱ የብቻው የሚመስለው ስፍራ ብዙ ጊዜ የቀደመ ባለቤት እንዳለው ይህ አንድ ቃል ይመሰክራል።

ዛሬ ይህ እንስሳ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ከቀሩት አንዱ ነው። በኖብያ ምድር የነበረው ወገኑ ጠፍቷል ተብሎ ይታመናል። የሶማሌው ወገን ከቀድሞ አገሩ ከአብዛኛው ተነቅሎ፥ የተረጋገጠው ዋና መኖሪያው በኢትዮጵያ የአፋር በረሃና በኤርትራ የደንከል ምድር ብቻ ሆኗል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት መካከል ይመዘግበዋል፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2014 በተደረገው ግምገማም በዱር የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ከ200 እንደማይበልጡ ተገምቷል። በአንድ ቀን ገበያ ወደ ድሬዳዋ የሚወርዱት የጭነት አህዮች ከዚህ ሊበዙ ይችላሉ።

እንግዲህ ወደ ዕዳው ነገር እንመለስ። የቤት አህያ የተገኘው ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2022 የታተመ ሰፊ የዘር ምርመራ፥ አህያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማዳ የሆነው ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን አመለከተ። ከዚያም ወዲህ የግብፅን እህል፥ የአክሱምን ሸቀጥ፥ የደጋውን ጤፍና የቆላውን አሞሌ የተሸከመ ጀርባ የእርሱ ነው። ኢትዮጵያም በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎቹ መካከል ናት። እውነቱን አጣርቶ ለመናገር፥ ሊቃውንት እንደ መረመሩት የሶማሌው የዱር አህያ የለማዳው ቀጥተኛ እናት አይደለም፤ እንደ እናት እኅት የሚቆጠር ነው። ነገር ግን እናት ከሞተች በኋላ አክስትን መጦር በአገራችን ባህል ከዕዳ የሚቆጠር እንጂ ለምስጋና የሚደረግ ትሩፋት አይደለም።

ሕዝቡ ስለ አህያ ሕሊና የለውም እንዳይባል፥ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2017 በቢሾፍቱ የተከፈተ የአህያ ቄራ ከሕዝብ በተነሣው ተቃውሞ ተዘግቷል። በ2024 በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም አህያን ለቆዳው ብሎ ማረድ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወስነዋል። ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ስለ አገልጋዩ የጮኸው ሕሊና ስለማያገለግለው ዘመዱ ዝም ቢል፥ የጮኸው ስለ ፍትሕ ነውን ወይስ ስለ ጀርባው? ይህን እያንዳንዱ በልቡ ሊመረምረው ይገባል።

የዱር አህያ ያነሰበት ምክንያት አንድ አይደለም። አስቀድሞ ጦር ብቻ የነበረው እጅ ጠመንጃ ያዘ፤ በጦር የማይደረስበት ሯጭ በጥይት ተደረሰበት። በራብ ዘመን ሥጋው ተበላ፤ የአጥንቱ መረቅ ለሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት ነው በሚል እምነትም ታደነ። የከብት ብዛት ሣሩንና የውሃውን ዳር ያዘበት። ለማዳ አህያ ወደ በረሃው ሲለቀቅ ከእርሱ ጋር እየተዳቀለ ዘሩን ሊያጠፋበት ይችላል። ከውጭ አገር መጥቶ በአዋሽ ሸለቆና በሽንሌ ሜዳ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃም ዛፍም ሣሩን እያፈነ የከብቱንም የዱር አራዊቱንም መሰማሪያ አጥብቧል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የያንጉዲ ራሳ ነገር ነው። በአዋሽና በሚሌ መካከል ያለው ይህ ምድር በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ገደማ የዱር አህያን ለመጠበቅ ታስቦ ለብሔራዊ ፓርክነት የተመረጠ፥ ስፋቱ 4,730 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ ስፍራ ነው። ነገር ግን ስፍራው የአፋርና የኢሳ ሕዝቦች ስለ ውሃና ስለ ግጦሽ ለረጅም ዘመን ደም የተቃቡበት ድንበር ነው። በዚህም ምክንያት አንዱ ሌላውን ስለሚፈራ መንጋውን ወደ መካከለኛው ሜዳ ደፍሮ የማያሰማራበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሰው የፈራውን መሬት አራዊት ወረሱት። የሰው ጠብ ለአውሬው አጥር ሆነለት።

ይህን ሰምቶ ጠብን የሚያመሰግን ቢኖር ስቷል። በዚያው ጠብ የገባው ጠመንጃ ነው ያንኑ አውሬ የገደለው፤ በፍርሃት የተጠበቀ ነገርም ፍርሃቱ ያለፈ ዕለት ይጠፋል። ደግሞም እረኛ በደሙ የሚከፍልበትን የአውሬ ሰላም ማንም ጻድቅ ሊመኘው አይችልም። ይሁን እንጂ ነገሩ ሰውን ሊያሳፍረው ይገባል። ጠላትነታችን በስሕተት የጠበቀውን ፍቅራችን አውቆ ሊጠብቀው የማይችል ከሆነ፥ ስለ ፍቅራችን ምን ይባላል? እርቅ ሲወርድ፥ ሽማግሎች የሰውን ድንበርና የከብቱን ውሃ ሲከፋፈሉ፥ በሸንጎው ድምፅ የሌለውን ሦስተኛ ወገን የሚያስታውስ አንድ ሰው ሊኖር ያስፈልጋል።

ይህም ለአገሩ እንግዳ አሳብ አይደለም። የኢሳ ሕዝብ ኄር ኢሴ የተባለ በቃል የሚተላለፍ ሕግ አለው፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2024 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የኢትዮጵያ፥ የጅቡቲና የሶማልያ የጋራ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ሳይጻፍ ደምን የሚያበርድና ካሣን የሚወስን ሕግ፥ ለጥማተኛ አውሬ የሌሊት ውሃ ይተውለት ብሎ ለመወሰን አቅም አያጣም።

አስታዋሽ ያጣ ፍጥረት ምን እንደሚሆን ለማወቅ ከጅጅጋ በታች ያለውን የሐውድን ሜዳ መጠየቅ ይበቃል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1890ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ሜዳ የቆርኬ መንጋ ይታይ ነበር፤ ዛሬ በዚያ አገር አንድም የለም። የከብት ደስታ የተባለው በሽታና አደን ጨርሰውታል፤ ዘሩ የተረፈው ከዚያ ርቆ እንደ ሰንቀሌ ባሉ ጥቂት የኢትዮጵያ ስፍራዎች ነው። በደቡብ አፍሪካም ኳጋ የሚባለው የሜዳ አህያ ወገን በአደን ካለቀ በኋላ፥ የመጨረሻይቱ በ1883 በአምስተርዳም የአራዊት ማሳያ ውስጥ ሞተች። በሞተችበት ቀን የወገንዋ መጨረሻ መሆንዋን ያስተዋለ አልነበረም ይባላል። ጥፋት ብዙ ጊዜ ደወል ሳይደወልለት ያልፋል።

አሁን የእረኛው ክርክር ይሰማ፤ ሳይሰሙት መፍረድ ግፍ ነውና። እረኛው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ልጄ ተጠምቷል፤ ፍየሌ ወተትዋ ደርቋል፤ ጉድጓዱን በእጄ የቆፈርሁት እኔ ነኝ። ከሩቅ አገር ያለ፥ በቤቱ ውስጥ ውሃ የሚፈስስለት ሰው ስለ ዱር አህያ ሊያስተምረኝ የሚመጣው በምን ሥልጣን ነው?» ይህ ክርክር የዋዛ አይደለም። በተጠማ ሕፃንና በተጠማ አውሬ መካከል የሚፈርድ ዳኛ ሕፃኑን ባያስቀድም ዳኛ አይባልም። የሰውን ልጅ ከአውሬ በታች የሚያኖር ርኅራኄ ርኅራኄ መሆኑ ቀርቶ ጭካኔ ይሆናል።

ዳሩ ግን ቀዳሚነት ሌላ ነው፥ ብቸኝነት ሌላ ነው። በማዕድ ዙሪያ ታላቁ አስቀድሞ ቢቆርስ ሥርዓት ነው፤ ታላቅ ነኝና ሌላው አይቅመስ ቢል ግን ንፉግነት ነው። ሰው በውሃው ዳር ቀዳሚ ነው፤ ብቸኛ ግን አይደለም። የብዙዎች ስሕተት ከመጀመሪያው ቃል ወደ ሁለተኛው ሳያስተውሉ መሻገራቸው ነው። «ሰው ይቅደም» ብለው ይጀምሩና «ከሰው በቀር ማንም አይኑር» ወደሚል ፍርድ ይደርሳሉ። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሕፃኑ ጽዋና የአውሬው ጉሮሮ በእውነት አይጣሉም። አውሬው የሚጠጣው በሌሊት፥ ሰው በተኛበት ሰዓት፥ ከብት ጠጥቶ በተረፈው ነው። የሚጎዳው በውሃው ዳር የሚያድር ጠመንጃና ሌሊቱን ሙሉ ከኩሬው ዳር የማይነሣ መንጋ ነው። እንግዲህ እውነተኛ ምርጫ የሚመጣው በጥቂት ቀኖች ብቻ ሲሆን፥ የእነዚያን ጥቂት ቀኖች ፍርድ የዘመን ሁሉ ፍርድ ማድረግ ፍርድ ማጣመም ነው።

የቀረው የእረኛው ጥያቄ «በምን ሥልጣን?» የሚለው ነው። ይህም ወደ ከተማ ሰው የሚመለስ ጥያቄ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፥ ስለ አራዊት መጥፋት ሲነገር ወቀሳው ሁሉ በድኻው አርብቶ አደር ላይ ይወርዳል። ነገር ግን ጠመንጃውን እርሱ አልሠራውም፤ እሾሃሙን ዛፍ ከባሕር ማዶ እርሱ አላመጣውም፤ ከሰሉን የሚያነደው ከተሜ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 አደንን ያለ ፈቃድ ይከለክላል። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን የተራበን ሰው አያሳምንም። የዱር አህያ መኖር የኢትዮጵያ ሁሉ ክብር ከሆነ፥ ዋጋውም የኢትዮጵያ ሁሉ ሊሆን ይገባል። ያልተጠማ ሰው ከተጠማው ይልቅ ብዙ ሊከፍል ግድ ነው።

ስለዚህ የሚገባው ሥራ የተሰወረ አይደለም። የአውሬው ጠባቂ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሳይሆን የአገሩ እረኛ ራሱ ይሁን፤ በአፋር በሰርዶ አካባቢ እንደ ተጀመረውም በረሃውን የሚያውቀው ሰው ለመጠበቁ ደመወዝ ይቀበል። ጉድጓድ ሲቆፈር ለሰውና ለከብቱ ከተሠራው ገንዳ ራቅ ብሎ ለሌሊት ጠጪዎች የሚሆን ዝቅተኛ ገንዳ ይጨመር። ለማዳው አህያ የዱሩ ወገን ወዳለበት በረሃ ያለ ጠባቂ አይለቀቅ። የሳምባ ነቀርሳ ሕሙማን ሐኪም ቤት መድኃኒት እንዳላቸው በመንደር ሁሉ ይነገር፤ መድኃኒቱም ከቆላው ሰው ደጅ ይድረስ። መድኃኒት ሳይሰጡ መረቁን መንቀፍ ሕመምተኛውን መንቀፍ ነውና።

አንዳንድ ሰዎች የዱር አህያ የሚጠበቅበትን ምክንያት ሲሰጡ፥ ምድር እየሞቀች በሄደች ቁጥር ጥማትን የሚታገሥ ዘሩ ለለማዳው አህያ መሻሻል ሊጠቅም ይችላል ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ለተነሣው ጥያቄ መልስ አይደለም። የማያገለግለውን እንስሳ ወደ ፊት ስለሚያገለግል ይኑር ማለት፥ ጭነቱን ከነገ ላይ አስቀምጦ ዛሬ እንደ መጫን ነው። ሌሎች ደግሞ በስዊስ አገር በባዝል ከተማና በሌላም ስፍራ በአጥር ውስጥ ይረባልና አይጠፋም ይላሉ። ያም መልካም መጠባበቂያ ነው፤ በዱር ጠፍቶ የነበረው የሞንጎልያ የዱር ፈረስ ከእንደዚህ ያለ አጥር ወጥቶ ከ1992 ጀምሮ ወደ አገሩ ተመልሷልና። ሆኖም መጠባበቂያ ቤት ሊሆን አይችልም። የሚመለስበት በረሃ ካልቀረለት በአጥር ያለው እንስሳ ስሙን ይዞ የተረፈ እስረኛ ነው።

በመጽሐፈ ኢዮብ የዱር አህያ የተነሣው ለሰው ስላለው ጥቅም አይደለም። የተነሣው ሰው ሁሉን እንዳልሠራና ሁሉን እንደማያዝዝ እንዲያስተውል ነው። ፍጥረት ሁሉ ለሰው አገልጋይ ቢሆን ኖሮ ሰው ከራሱ ጥቅም ሌላ የሚያይበት መስኮት ባልኖረው ነበር። የሚያገለግለንን ስንጠብቅ ደመወዝ እንከፍላለን፤ የማያገለግለንን ስንጠብቅ ግን ጻድቃን መሆናችን ይፈተናል። ለባለ ዳውላው አህያ ውሃ ማጠጣት የቤት አስተዳደር ነው። ማንም በማያይበት ሌሊት፥ ምንም ለማይመልስ አውሬ፥ ከጠጡ በኋላ የተረፈውን ውሃ ሳይደፉ መተው ግን ፍትሕ ነው። የሽንሌ ሜዳ እረኛ ይህን ፍትሕ እንዲፈጽም የሚጠብቅ ከተሜ አስቀድሞ የእረኛው እንስራ መሙላቱን ሊያረጋግጥ ይገባዋል።